እህሉ በማን እጅ ነው? ስለ ማጠናከሪያ መርሐ ግብር ትምህርት የቀረበ ሂስ

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞቻችን ከሚሰጡት የሥነ ልቡና ትምህርቶች መካከል ሠልጣኙ በቀላሉ በቃሉ የሚይዘው፣ ለፈተናም በቀላሉ የሚመልሰው፣ ነገር ግን በሥራ ላይ ለማዋል የሚቸገርበት አንድ ምዕራፍ አለ። ይኸውም ስለ ማጠናከሪያ መርሐ ግብር የሚናገረው ነው። ምዕራፉ በአራት ስሞችና በአራት የግራፍ መሥመሮች ተጠቃልሎ ይቀርባል። ሠልጣኙም አራቱን ስሞች አጥንቶ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ምዕራፍ እንደገና ከፍቶ መመርመር፣ የሚያዛልቀውን ከማያዛልቀው መለየት፣ በተለይም እንደ ጮሌ ባሉ የአርሲ ደጋማ ወረዳዎች ለሚያስተምር መምህርና ለእርሱ ዕቅድ ለሚያወጣ ባለሙያ ምን እንደሚጠቅም ማመልከት ነው።

1. የትምህርቱ አመጣጥ

የትምህርቱ አባት አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር (እ.ኤ.አ. 1904–1990) ነው። እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ተረከው፣ የግኝቱ መነሻ እጥረት ነበር። ለአይጦቹ የሚሰጠውን ድቡልቡል ምግብ በገዛ እጁ ያዘጋጅ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀረው ምግብ ከሰኞ ጧት እንደማያልፍ ተመለከተ። ስለዚህ አይጧ ዘንጉን በተጫነች ቁጥር ምግብ ከመስጠት ይልቅ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ብቻ ለመስጠት ወሰነ። አይጦቹ ግን መጫናቸውን አላቋረጡም። ከዚህ በኋላ የምርምሩ ጥያቄ «ሽልማት ጠባይን ያጠናክራልን?» ከሚለው አልፎ «ሽልማቱ መቼና ከስንት ሥራ በኋላ ቢሰጥ ጠባዩ ምን ዐይነት መልክ ይይዛል?» ወደሚለው ተሸጋገረ።

ቻርልስ ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 «የማጠናከሪያ መርሐ ግብሮች» ብለው ያሳተሙት ወፍራም መጽሐፍ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በዋነኛነት በርግቦች ላይ የተደረገውን ምርምር ይዟል። መጽሐፉ የተመሠረተው 70,000 ሰዓት ያህል በተቀዳ ጠባይና 250 ሚሊዮን በሚደርስ ምላሽ ላይ መሆኑን ደራሲዎቹ በመቅድማቸው ገልጠዋል። በሥነ ልቡና ታሪክ ይህን ያህል ትዕግሥት የተደረገበት ሥራ ብዙ አይገኝም። የሚከተለው ሂስ የዚህን ድካም ዋጋ የሚክድ አይደለም። የሚጠይቀው ውጤቱ ከርግብ ሣጥን ወጥቶ ወደ ክፍል ሲገባ ምን እንደ ተደረገበት ነው።

2. አራቱ መርሐ ግብሮች

ማጠናከሪያው በሥራ ብዛት ወይም በጊዜ ርዝመት ሊለካ ይችላል። ልኩም ቋሚ ወይም ተለዋዋጭ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ አራት መሠረታዊ ዐይነቶች ይገኛሉ።

በቋሚ የሥራ ልክ የሚሸለም ሠራተኛ፣ ለምሳሌ በለቀመው ኪሎ ልክ የሚከፈለው ቡና ለቃሚ፣ በፍጥነት ይሠራል፤ አንዱን ልክ ከጨረሰ በኋላ ግን ጥቂት ያርፋል። በተለዋዋጭ የሥራ ልክ የሚሸለመው፣ እንደ ሎተሪ ቆራጩ፣ የሚቀጥለው ዕድሉ እንደሚሆን ስለማያውቅ አያርፍም። በተለዋዋጭ የጊዜ ልክ የሚሸለመው፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ መኪና እንደሚጠብቅ መንገደኛ፣ ሳይቸኩልና ሳይሰለች መላልሶ ይመለከታል። በቋሚ የጊዜ ልክ የሚሸለመው ደግሞ ዳቦ እንደ ጣደች ሴት ነው፤ በመጀመሪያ ዞር ብላ አታይም፣ ጊዜው ሲቃረብ ግን ደጋግማ ትከፍታለች። በግራፍ ላይ ይህ የመጨረሻው ጠባይ ከዝቅታ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚጎብጥ መሥመር ይሠራል።

ከአራቱ ሌላ መምህር ሊያውቃቸው የሚገቡ ሁለት ሐሳቦች አሉ። አንደኛው፣ አዲስ ጠባይ በሚተከልበት ጊዜ ማጠናከሪያው ተደጋጋሚ መሆን እንዳለበትና ቀስ በቀስ ሊሳሳ እንደሚገባው ነው። ሁለተኛው፣ በድንገት እጅግ ከሳሳ ጠባዩ እንደሚሰባበር፣ ፈጽሞ ከቀረም እንደሚከስም ነው።

3. የጎበጠው መሥመርና የትምህርት ዘመናችን

በጮሌ ደጋ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር በዐይነ ልቡናችን እንመልከት። በክፍሉ ውስጥ 60 ልጆች አሉ እንበል። ትምህርት በመስከረም ይጀመራል፤ ገብሱና ስንዴው በሚታጨድበትና በሚወቃበት በኅዳርና በታኅሣሥ ብዙ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ፤ በጥር የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ይመጣል። በጥቅምት ደብተር የማይገልጠው ልጅ በፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን በኩራዝ ያነጋል። መምህሩ የሥነ ልቡና ትምህርቱን ቢያስታውስ «ይህ የጎበጠው መሥመር ነው» ማለቱ አይቀርም።

ይህን የሚደግፍ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት፣ በየቀኑ አጭር ፈተና የሚሰጣቸው የኮሌጅ ተማሪዎች በተመጣጠነ ሁኔታ ሲያጠኑ፣ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ የሚፈተኑት ግን ጥናታቸውን ወደ ፈተናው ቀን ገፍተው ሲያከማቹ ታይተዋል። በሚቀጥለው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ራሳቸው ሕግ የሚያጸድቁት በስብሰባው ዘመን መጨረሻ ላይ በጥድፊያ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ወቀሳውን በጮሌ ልጅ ስንፍና ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይደለም።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሣጥኑ ውስጥ ያለችው ርግብ ከጊዜው በፊት መቶ ጊዜ ብትነቁር ምንም አታተርፍም፤ እህሉን የሚያመጣላት ጊዜው ከሞላ በኋላ የምትነቁረው አንዱ ብቻ ነው። በጥቅምት የተጠና ትምህርት ግን በጥር ፈተና ይጠቅማል፤ እንዲያውም ከዋዜማው ጥናት ይልቅ ይጠቅማል። ስለዚህ የተማሪው የዋዜማ ጥድፊያና የርግቧ መሥመር መልካቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው አንድ አይደለም። ርግቧ የመጀመሪያውን ጊዜ ብታርፍ ትክክል ነች። ልጁ ግን የሚያርፈው የጥቅምቱ ድካም ፍሬ እንዳለው የሚያሳየው ስለሌለ ነው። ደብተሩ ታርሞ የሚመለሰው ከሳምንታት በኋላ ከሆነ፣ ወይም ጨርሶ የማይታረም ከሆነ፣ ልጁ ትክክል መሥራቱን በምን ያውቃል? ስኪነር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1953 የልጁን ክፍል ሊጎበኝ ሄዶ በመምህርቱ ሥራ ላይ ያስተዋለው ጉድለት ይኸው ነበር፤ ልጆቹ መልሳቸው ልክ መሆኑን ሳያውቁ ይቀመጡ ነበር። የማስተማሪያ መኪናውን ለመሥራት የተነሣውም ከዚህ ነው።

4. አንዲት ርግብ በአንድ ሣጥን

ትምህርቱን ወደ ክፍል ሲያስገቡ በዝምታ የሚታለፉ ሦስት ልዩነቶች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ርግቧ በሣጥኑ ውስጥ ብቻዋን መሆኗ ነው። የእርሷ እህል ከሌላዋ ርግብ አፍ አይነጠቅም። በክፍላችን ግን ሽልማት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በደረጃ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ወላጆች በተሰበሰቡበት አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ይጠሩና ይጨበጨብላቸዋል። ከ60ው ልጆች 57ቱ አጨብጫቢዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ካምናው እጅግ ተሻሽሎ ከሃምሳኛ ወደ ዐሥረኛ ቢመጣም በመርሐ ግብሩ ቋንቋ ምንም ማጠናከሪያ አላገኘም። ደረጃ ሽልማት እንጂ ማጠናከሪያ አይደለም፤ ጥቂቶችን ያስደስታል፣ የብዙዎችን ጥረት ግን ለመክሰም ይተወዋል።

ሁለተኛው፣ ርግቧ በረሃብ ተዘጋጅታ መግባቷ ነው። በእነዚህ ሙከራዎች የርግቧ ክብደት ጠግባ ከምትኖርበት ወደ 80 ከመቶ ገደማ እንዲወርድ ይደረግ ነበር፤ እህሉ ኃይል የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። በእኛ አገር ሳይበላ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ አለ። የእርሱ ረሃብ የመሣሪያችን ክፍል ሊሆን አይገባም። በትምህርት ቤት የሚሰጥ ምግብ የልጁ መብት ነው እንጂ የትክክለኛ መልስ ዋጋ ሊደረግ አይችልም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው ልዩነት ቋንቋ ነው። ፈርገስ ሎውና ባልደረቦቹ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1985 ባሳተሙት ምርምር፣ ገና አፋቸውን ያልፈቱ ሕፃናት በቋሚ የጊዜ ልክ ሲሸለሙ እንደ እንስሳቱ የጎበጠ መሥመር ሠርተዋል። ቋንቋ የያዙ ትልልቅ ልጆች ግን ይህን አላደረጉም። «ጥቂት ልቆይ»፣ «ቶሎ ልጫን» እያሉ ለራሳቸው በሚሰጡት መመሪያ እንደ ዐዋቂዎች ይመራሉ። በ7 ዓመቱ ወደ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ እንግዲህ ርግብ መሆኑን ካቆመ ቆይቷል። የሚገዛው በተሰጠው እህል ብቻ ሳይሆን ስለ እህሉ በተነገረውና ለራሱ በሚናገረው ጭምር ነው።

ከዚህ ለጮሌ መምህር የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። የጮሌ ልጅ በብዛት አፉን የሚፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን ብዙ ጊዜ የሚነሣው የባህልና የመብት ጥያቄ ነበር። የሥነ ልቡናው ምክንያትም ከዚያ አያንስም። «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተሳሳትህ፤ የተሳሳትኸው መበደርን ስለ ረሳህ ነው» የሚል ቃል ልጁ ለራሱ ደግሞ ሊናገረው በሚችለው ቋንቋ ከተነገረው ከመቶ ጭብጨባ ይበልጣል።

5. ከአርሲ ታሪክ የሚገኝ ምሳሌ

የመርሐ ግብር ትምህርት «ስንት ጊዜ» እና «መቼ» ብሎ ይጠይቃል። «ማን ይሰጣል» እና «ማን ይቀበላል» ብሎ ግን አይጠይቅም፤ በሣጥኑ ውስጥ ይህ ጥያቄ ቀድሞ ተመልሷልና። አርሲ ይህ ጥያቄ ሲዘነጋ ምን እንደሚደርስ የታየበት አገር ነው።

በስዊድን መንግሥት ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በምኅጻረ ቃሉ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር እያቀረበ፣ በሠርቶ ማሳያ ማሳዎች ውጤቱን እያሳየ ገበሬውን አስተማረ። ገበሬው የተማረው በምስጋና ወይም በምስክር ወረቀት አልነበረም። ማሳው ራሱ ነገረው። በዚህ በኩል ካዱ ከብዙ ትምህርት ቤቶች የተሻለ አስተማሪ ነበር ለማለት ይቻላል። ነገር ግን መሬቱ ብዙ ትርፍ መስጠት ሲጀምር ባለ ርስቶች በትራክተር ወደ ማረስ አዘነበሉ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከመሬታቸው ተፈናቀሉ። ጭሰኛው ሥራውን በትክክል ሠርቶ ነበር፤ ማጠናከሪያው ግን በሌላ ሰው ጎተራ ገባ። ይህ ግንኙነት የተለወጠው የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ነው።

ምሳሌው ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች በቀጥታ ይሠራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ 50 ከመቶ ከሆነበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ውጤቱ በሕዝብ ፊት ተገልጧል። በዚያ ዓመት ያለፉት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ፈተናው ከኩረጃ እንዲጠበቅና ውጤቱ እውነተኛ እንዲሆን መደረጉ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሐሰተኛ ማጠናከሪያ ሐሰተኛ ጠባይ ያጸናልና። ሆኖም ከዚህ በታች ያሉት ክፍሎች ለዓመታት በቀላሉ ሲያዛውሩ ቆይተው በመጨረሻው ደረጃ ሽልማቱ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ከሳሳ፣ ፈርስተርና ስኪነር በርግቦቻቸው ላይ ያዩት መሰባበር በሰው ላይ የማይደርስበት ምክንያት የለም። አንድም ሰው ካላለፈበት ትምህርት ቤት የሚማር የ9ኛ ክፍል ልጅ ለራሱ ምን ይለዋል? ገበሬ አባቱስ በአጨዳ ወራት ከእርሻ ሊያስቀረው ሲያስብ በምን ይከራከረዋል? ይህ ጥያቄ የሥነ ልቡና ብቻ ሳይሆን የወረዳው ዕጣ ጥያቄ ነው።

6. ባዕድ ማጠናከሪያና የሥራው ፍሬ

ከመጽሐፉ ሁለት ደራሲዎች አንዱ የሆነው ፈርስተር እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጽሑፍ በሁለት ዐይነት ማጠናከሪያዎች መካከል ልዩነት አበጀ። አንዱ ሌላ ሰው እንደ ፈቃዱ የሚሰጠው ነው፤ ሁለተኛው ከሥራው ከራሱ የሚወለደው ነው። በማሠልጠኛ ምዕራፋችን ውስጥ ይህ ልዩነት ሊገባ ይገባዋል፤ የመርሐ ግብር ትምህርት ዋና ጉድለት የሚታረመው በዚህ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት «ብትሥሉ ትሸለማላችሁ» ተብለው ከተሸለሙ በኋላ፣ ካልተሸለሙት ይልቅ በራሳቸው ፈቃድ የሚሥሉበት ጊዜ ቀነሰ። ያለ ቅድመ ተስፋ የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ስለዚህ ሽልማት ሁልጊዜ ይጎዳል ማለት አይደለም፤ ሥራውን ለሽያጭ የቀረበ ዕቃ ሲያስመስለው ግን ይጎዳል።

በአገራችንም ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደርሶ ከዓለም አቀፍ ሽልማት በቅቷል። ነገር ግን የምስክር ወረቀት አንድ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ ወይም የማኅበር መዝገብ የሚያነብበት ምክንያት ያገኘው ሰው ንባቡን ያጸናል፤ የሚያነበው ያጣው ግን ፊደሉን ይረሳል።

የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር ይመለስ እንደ ነበር፣ መንገዱንም በሩጫ ይጨርስ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ለዚያ ሩጫ የሸለመው አልነበረም። ሩጫው ከትምህርት ሰዓት ያደርሰው ነበር፤ ያ ይበቃ ነበር።

የጥንት ትምህርት ቤቶቻችንም ከዚህ አንጻር መመርመር አለባቸው። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ፣ በቁርኣን ትምህርት ቤት ቁርኣኑን ያኸተመ ልጅ ይደገስለታል። ድግሱ የሚደገሰው ልጁ በጨረሰ ቀን እንጂ የዘመን መቁጠሪያው ባዘዘ ቀን አይደለም። አንዱ ቢፈጥን፣ ሌላው ቢዘገይ፣ የአንዱ ድግስ የሌላውን አያስቀርም። በእነዚህ ቤቶች የነበረውን ዱላ ማንም እንዲመለስ አይመኝም። ልኩ በሥራው መሆኑ ግን ልንወርሰው የሚገባ ጥበብ ነበር።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው የሚከተሉት ነጥቦች ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ይቀርባሉ።

ሀ. የዓመቱ ትምህርት በትንንሽ የሥራ ክፍሎች ይከፈል፤ ልጁም አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ማለፉ በመዝገብ ይታይለት። በአጨዳ ወራት የቀረ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ካቆመበት እንዲቀጥል ይህ ያስችላል፤ በጥር ፈተና ብቻ የሚለካ ከሆነ ግን ተመልሶ የሚገባበት በር የለውም።

ለ. መልስ ወዲያው ይነገር። 60 ደብተር በአንድ ምሽት ማረም ለአንድ መምህር የማይቻል ስለሆነ፣ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሰሌዳ ላይ ከተጻፈ መልስ እርስ በርስ እንዲተራረሙ ይደረግ። 1986ቱ ፖሊሲ ያመጣው ተከታታይ ምዘና በብዙ ስፍራ ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀርቷል ተብሎ ይወቀሳል፤ ቁም ነገሩ ግን ነጥቡን መደመር ሳይሆን ለልጁ ቶሎ ማሳወቅ ነው።

ሐ. ማበረታቻ በታችኛው ክፍል ተደጋጋሚ ይሁን፤ ወደ ላይኛው ሲወጣ በደረጃ ይሳሳ እንጂ በአንድ ጊዜ አይቆረጥ። ሽልማትም ከደረጃ ይልቅ ልጁ ካምናው በተሻሻለበት ልክ ይሰጥ።

መ. መምህሩ ምስጋናውን በምክንያት ያጅበው፤ ምክንያቱንም ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይንገረው።

ሠ. ዕቅድ አውጪው የማለፊያ ልክ ከመወሰኑ በፊት ከታች እስከ ላይ ያለውን መሰላል ይቁጠር። ከላይ ያለው እርከን ከፍ ሲል በመካከል የሚጎድሉትን እርከኖች መሥራት የእርሱ ሥራ ነው፤ ለልጁ ብቻ የሚተው አይደለም።

ስኪነር በዚያች ቅዳሜ የተቸገረው በምግብ እጥረት ነበር፤ ችግሩንም በጥንቃቄ በማከፋፈል ተወጣው። የጮሌ መምህርም መጽሐፍና ጊዜ በማነስ የተቸገረ ሰው ነውና ጥንቃቄውን ሊማር ይችላል። ነገር ግን በፊቱ የተቀመጡት ልጆች የሚሰጣቸውን ብቻ የሚጠብቁ አይደሉም። ከሚማሩት ነገር ራሱ ፍሬ እንዲያገኙ ካደረጋቸው፣ መምህሩ ከክፍል በወጣበት ሰዓትም፣ ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ክረምትም ሥራው አይቋረጥም። የመርሐ ግብር ትምህርት እስከዚህ ድረስ ካላደረሰን በማሠልጠኛችን የሚሰጠው ለፈተና ያህል ብቻ ይሆናል።